አሥራ ሁለተኛው ትንፋሽ

እኔ ሰው ስቆጥር የኖርኩ ነርስ ነኝ። ቤት ለቤት እየዞሩ እንደሚቆጥሩት አይደለም፤ የሕፃን ሆድ ላይ እጄን አሳርፌ፣ ዓይኔን ሰዓት ላይ ተክዬ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሽ እቆጥራለሁ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛትም ይቻላል፤ ብዙዎቹ እንደዚያ ያደርጋሉ፤ እኔ ግን አልወድም። ሕፃን በመጀመሪያው ግማሽ ደህና መስሎ በሁለተኛው ግማሽ ጉድ ይሠራል። ባልደረቦቼ በዚህ ግትርነቴ ሲያሾፉብኝ፣ እሷ ደቂቃው ካልሞላ ምሳም አትበላም ይላሉ። ነጭናጫ መሆኔንም ያውቃሉ፤ የጽሑፌን ስድስት ቁጥር እንኳ ሆዷ ትልቅ ነው ብለው "ነፍሰ ጡሯ" ብለዋታል። እኔም አኩርፌ አላስተካከልኳትም።

የማወራው ነገር የሆነው ጋምቤላ ውስጥ በምሠራበት የሕፃናት ዋርድ ነው። ዝናቡ እያበቃ፣ ባሮ ግን ገና ሳይጎድል፣ ወባ ዋርዳችንን ከአፍ እስከ ገደፍ የሞላበት ወቅት ነበር። በአንድ አልጋ ሁለት ልጅ እናስተኛለን፤ መሬት ላይ ፍራሽ እናነጥፋለን። በቀን ፈረቃ ሁለት ነርሶች ስንሆን ማታ አንዷ ብቻ ናት። በዚያ ወቅት እኔ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አእምሮዬ ከእጄ ሊያመልጥ እየተንሸራተተ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር፤ እኔ ካበድኩ ደግሞ ልጆቹን ማን ይቆጥራቸዋል? ይባስ ብሎ፣ ማበዴን ራሴ ሳላውቅ አንዱን ልጅ ብገድለውስ?

ወላጆቼ በሰፈራ መጥተው አቦቦ ላይ መሬት ያቀኑ ገበሬዎች ናቸው። ሙቀቱ የተወለድኩበት ነው፤ አያስደነግጠኝም። የሚያስደነግጠኝ ቀትሩ ነው። እናቴ በቀትር ወንዝ እንዳንወርድ ስትከለክለን፣ የቀትር ጋኔን ሰው አይመርጥም ትለን ነበር። ተምሬ ነርስ ስሆን ሳቅኩባት። ነገር ግን ከስድስት ሰዓት በኋላ ጋምቤላ ከተማ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ቢሮው ይዘጋል፣ ነጋዴው የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ከውስጥ ይጋደማል፣ ባጃጆቹ ማንጎ ሥር ተደርድረው ሹፌሮቹ እግራቸውን ውጭ አንጠልጥለው ይተኛሉ። ውሻ እንኳ አይጮኽም። ፀሐይዋ ፊት ለፊትህ ቆማ፣ ሁሉም ነገር በግልጽ እየታየ፣ ሰው ግን የለም። ከሌሊት ይልቅ የሚያስፈራው ይሄ ነው።

ልጅቷ የሞተችው በዚያ ሰዓት ነው።

አራት ዓመቷ ነበር። ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተኝታለች። ወባው ደሟን ጨርሶት ነበር የመጣችው፤ አባቷ ደም ሰጥቶ፣ ደሙ ተሰቅሎላት ጠብ ጠብ ይላል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የጣሪያው ፋን እየተጎተተ ዞሮ ዞሮ ቆመ። እጄን ሆዷ ላይ አሳርፌ መቁጠር ጀመርኩ። አምስት ስደርስ ነገሩ አላማረኝም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሐኪሙን ተጣራሁ። ተጣርቼም መቁጠሬን አላቆምኩም። ዘጠኝ። አሥር። ከአሥር በኋላ በጣም ቆየች። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለትን ጠበቅኩ።

ሐኪሙ ሮጦ መጣ። ደረቷን ተጫንን፣ በጭንብል አየር ሰጠናት፣ መድኃኒት ወጋን። እጄ የሚሠራውን ሁሉ ሠርቷል፤ አልቦዘንኩም። ጆሮዬ ግን ለብቻው ቆሞ አሥራ ሁለትን ይጠብቅ ነበር። አልመጣም። አባቷ ነጠላ ጫማዎቿን አንስቶ በኪሱ ከተተና ሬሳዋን ታቅፎ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በእኛ ዋርድ ልማድ፣ ልጅ ሲሞት አጠገቡ የነበረው ነርስ ትንፋሽና ሙቀት በሚመዘገብበት ወረቀት የመጨረሻ መስመር ላይ ሰዓቱን ይጽፋል። ከዚያ ወረቀቱ ከካርዱ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ሐኪሙ ካርዱን ዘጋ፣ ካርዱም ሄደ። እኔ ግን በኋላ እጽፈዋለሁ ብዬ ወረቀቱን አልጋው ግርጌ ከተንጠለጠለው ሰሌዳ ላይ ተውኩት። የማስታምማቸው ሌሎች ልጆች ነበሩኝ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ሰዓቱን ከጻፍኩት አሥራ ሁለት እንደማይመጣ አመንኩ ማለት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥር ተከተለኝ። ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ስሄድ እርምጃዬን እቆጥራለሁ፤ አሥራ አንድ ላይ እግሬ ይቆማል። ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ አሥራ አንድ ጠብታ ቆጥሬ የሚቀጥለው እስኪወርድ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ ወደ ፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ የእርዳታ ሠራተኞችን ሲያመላልስ ሳምንት ይቆያል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና የአሥር ዓመት ልጄ ነን። አንድ ቅዳሜ ቀትር ልጄ ምንጣፉ ላይ ተኝታ ሳለ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "እማ፣ ለምንድነው ሁልጊዜ አሥራ አንድ ላይ የምታቆሚው?" አለችኝ። ድምፅ አውጥቼ እየቆጠርኩ እንደነበር አላወቅኩም። ተነስቼ ሰሃን አጠብኩ።

በዚያው ሰሞን ለጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ደህንነት ሥልጠና ተብሎ ባሮ ዳር ያለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተጠራን። ከአዲስ አበባ የመጣችው ባለሙያ አነጋገሯ ለስላሳ ነበር። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትወዱትን ቦታ አስቡ አለችን፤ ግማሾቻችን ከተረኝነት የወጣን ስለነበርን ዓይናችንን ጨፍነን በዚያው ተኛን። አንዱ ሲያንኮራፋ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። አልፈርድባትም፤ የተናገረችው ሁሉ ልክ ነበር። ችግሩ እኛ ነን። ቅጽ አደለችን። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዎታል ወይ ይላል አንዱ ጥያቄ። በግራዬ የተቀመጠችውን ባልደረባዬን ትንፋሽ እየቆጠርኩ፣ አሥራ አንድ ላይ ቆሜ፣ "የለም" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። እሷም "የለም" ላይ አደረገች። የተቀመጥንበትን ረድፍ ሙሉ አየሁት፤ ሁላችንም ጤነኞች ነን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን በሽተኛ የምንቆጣው እኛው ነን። ግን ነካ አደረጋት ከተባልኩ ማን መርፌ ያስይዘኛል? በቸርቻችንም ቢሰማ፣ ጋኔን ነው ብሎ የሚጸልይልኝ እንጂ የሚያዳምጠኝ አይኖርም ብዬ ፈራሁ።

ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ባዶውን ቀረ። ዋርዱ ሞልቶ ሳለ፣ እናቶቹ መሬት ላይ መተኛትን መረጡ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ወሬው ደርሷቸዋል። አሥር ቁጥር ላይ አንድ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ገባ። እናቱ ከፑኝዶ በኩል የመጣች ቁመቷ መለሎ ሴት ናት፤ ዘመዶቿ ደቡብ ሱዳን ናቸው። አማርኛዋ ጥቂት ቃል ናት፤ እኔም የእሷን ቋንቋ ከሰላምታ አላልፍም። የሁለቱ አልጋ ሰሌዳዎች ግርጌ ላይ ጎን ለጎን ነው የተንጠለጠሉት።

ልጁ በገባ በሁለተኛው ቀን ማለዳ፣ በዘጠኝ ቁጥር ሰሌዳ አጠገብ ሳልፍ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ልጅቷ ከሞተች በኋላ መስመር ተጨምሮበታል። ትንፋሽ አርባ ስምንት። ቀጥሎ አርባ አራት። ቀጥሎ አርባ። ሙቀቷም እየወረደ ነው። ፊርማ የሚል ዓምድ አለው፤ በወባ ወቅት ማንም አይሞላውም፤ ይኼኛውም ባዶ ነው።

የሞተችው ልጅ እየተሻላት ነበር።

እጄ በረደ። በዚያ ሙቀት እጄ በረደ። ሰው ቀለደብኝ ብዬ ተናደድኩ፤ ግን በዚህ የሚቀልድ ነርስ አላውቅም። ማንንም ሳልጠይቅ ወረቀቱን ፈትቼ ነርሶች ክፍል ያለው መሳቢያ ውስጥ፣ ከጓንት ካርቶኑ ሥር ቀበርኩት። ቁልፉንም ኪሴ ከተትኩ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ደግሞ፣ ከመቅበሬ በፊት ቁጥሩን ደግሜ ማየቴና ደስ መሰኘቴ ነው። አርባ፣ እየወረደላት ነው አልኩ በሆዴ።

በማግሥቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወረቀቱ ሰሌዳው ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። አዲስ መስመር ተጽፏል፤ አምሳ ሁለት። ባሰባት ማለት ነው። ለአለቃችን ልነግረው አሰብኩ፤ የዋርዱ አስተባባሪ ነርስ እዚሁ ጋምቤላ የተወለደ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ዝምተኛ አኙዋ ነው። ነርሶች ክፍል በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ዓይናችን ሲገጣጠም ቀድሞኝ አቀረቀረ። ዝም አይነቅዝም ብዬ እኔም ዝም አልኩ።

የስምንት ሰዓቱ ዙር ደረሰ። ቀትሩ እንደተለመደው ከተማውን አስተኝቶታል። ባልደረባዬ ደም ልታመጣ ላቦራቶሪ ሄዳለች፤ እናቶቹ ከልጆቻቸው ጎን አሸልበዋል፤ ፋኑ ይዞራል። ዘጠኝ ቁጥር ጋ ስደርስ ትንፋሽ ሰማሁ። ቶሎ ቶሎ የሚል፣ የሚያቃስት ትንፋሽ። ከባዶው አልጋ በኩል ነው የሚመጣው። ማይ ቢሉኝ ዛሬም እምላለሁ፤ ከዚያ በኩል ነው የሰማሁት። ጎንበስ ብዬ መዳፌን ፍራሹ ላይ አሳረፍኩ። ፍራሹ ይሞቃል፤ ከመስኮቱ ፀሐይ ይገባበታል። ሰሌዳውን አነሳሁ። አዲስ መስመር ነበረው፤ ስልሳ ስምንት። ስድስቷ ሆዷ ትልቅ ነው። እስክሪብቶው በቀኝ እጄ ነበር።

እዚያው ደርቄ ቀረሁ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ትተነፍሳለች፣ ትተነፍሳለች እያልኩ ነበር። የልጁ እናት ተነስታ አጠገቤ እንደቆመች ያወቅኩት እጄን ስትይዘኝ ነው። ጠንካራ እጅ ነበራት። መዳፌን ከባዶው ፍራሽ ላይ አንስታ የልጇ ሆድ ላይ አስቀመጠችው።

"ልጅ ይሄ ነው" አለች። "ይሄ።"

ከእጄ ሥር ያ ትንሽ ሆድ ይዘላል። የጎድን አጥንቶቹ መሐል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አፍንጫው እንደ ወናፍ ይከፈታል። ስልሳ ስምንቱ የእሱ ነበር። አምሳ ሁለቱም የእሱ ነበር፤ አርባውም። ሁለት ቀን ሙሉ እሱ ሆድ ላይ እጄን አድርጌ እየቆጠርኩ፣ ቁጥሩን ለሞተችው ልጅ ስጽፍላት ኖሬያለሁ። የራሱ ወረቀት ላይ የማታዋ ተረኛ የጻፈችው ብቻ አለ፤ የእኔ ሰዓቶች ባዶ ናቸው። የጠዋቱ ሐኪም ያየው የማታውን ነው፤ የማታው ደግሞ ደህና ነበር።

የጮኽኩት ጩኸት ሰፈር ሙሉ የተኛውን ቀሰቀሰ ይላሉ። ሐኪሙ መጣ፣ ኦክስጅን ተገጠመ፤ ሳንባው ላይ ሌላ በሽታ ተጨምሮበት ነበር፤ መድኃኒት ተቀየረለት። አመሻሹ ላይ አምሳ አራት፣ ሲነጋ አርባ ስድስት። እናቱ ጎኑ ተቀምጣ እኔን ታያለች። ቁጣ አላየሁባትም፤ የምታየኝ ልጇን በምታይበት ዓይን ነበር፣ አሁንስ እንዴት ነው በሚል። ያ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ።

በዚያው ቀን የሥራ መልቀቂያዬን ጽፌ በቀትር ለአለቃችን ሰጠሁት። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር። ፖስታውን ሳይከፍተው ጭኑ ላይ አኖረው። ሁሉንም ነገርኩት፤ አሥራ አንዱንም፣ ቧንቧውንም፣ ልጄ ያለችኝንም። ሲያባብለኝ ጠበቅኩ። አላባበለኝም።

"እኔ አይቻለሁ፣ ሲስተር" አለ። "ትናንት ጠዋት። ቁልፍ ከኪስሽ አወጣሽ፣ ወረቀቱን አንቺ ሰቀልሽ። እኔ ታፍራለች ብዬ ዝም አልኩ። ያ ልጅ በአንቺ ብቻ አይደለም ሊሞት የነበረው። በእኔም ነው።"

ከዚያ ስለራሱ ነገረኝ፤ ባንድ ጊዜ ከዚያ በላይ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ወጣት ሳለ ድንበር አጠገብ አንድ ጤና ኬላ ይሠራ ነበር። ቁስሏን በየቀኑ የሚያጥብላት አንዲት ሴት እጁ ላይ ሞተች። ከዚያ በኋላ ለወራት፣ በየጠዋቱ ተራ ሲጠራ ስሟን ይጠራ ነበር። የሚመልስ የለም። ወረፋ የያዙት ሰዎች ሴትየዋ ያረፈደች መስሏቸው፣ ትመጣለች፣ ሌላውን ጥራ ይሉታል። እሱም ሌላውን ይጠራል፤ በማግሥቱም እሷን ደግሞ ይጠራል። ለማንም አልነገረም። እንዴት እንዳቆመ ስጠይቀው፣ አንድ ቀን ልጇ መጥታ ወረፋው ውስጥ "አቤት" አለችኝ አለ። ከዚያ በኋላ አልጠራም።

የልጅቷን ወረቀት ከደረት ኪሱ አውጥቶ እስክሪብቶ ሰጠኝ። መጀመሪያ ይሄን ጨርሺ አለኝ። የልጁን ቁጥሮች አንድ በአንድ ሰርዤ አጠገባቸው የማን እንደሆኑ ጻፍኩ። ከዚያ ከተሰረዙት መስመሮች ሥር፣ ለልጅቷ፣ ስምንት ሰዓት ከአምስት፣ ትንፋሽ የለም ብዬ ጻፍኩ፤ ፊርማ የሚለውን ዓምድም ሞላሁ። ፊርማዬ የእኔ አይመስልም።

"አሁን ርክክብ እናድርግ" አለ። ተረኛ ሲቀየር አልጋ በአልጋ እየተባባልን የምንረካከበውን ማለቱ ነው። ከአንድ ጀምሮ ሁሉንም ጠየቀኝ፤ ሁሉንም መለስኩ። ዘጠኝ ሲለኝ ባዶ ነው አልኩ። አሥር ሲለኝ አርባ ስድስት፣ ኦክስጅን ላይ ነው፣ ጡት ጠባ... አይ፣ ገንፎ በላ አልኩት፤ ሦስት ዓመቱ መሆኑ ጠፍቶኝ። ፈገግ አለ። የመጨረሻው አልጋ ካለቀ በኋላ ግን አልተነሳም።

"አንቺስ?" አለኝ።

ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ አግዳሚው ላይ በመሐላችን አስቀመጠው። ትከሻዬን እያየ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ዝግ ብሎ ይቆጥር ጀመር። ስንት ዓመት ስቆጥር ኖሬ፣ የእኔን ማንም ቆጥሮት አያውቅም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ግቢው ውስጥ ቅጠል አይነቃነቅም፤ ፀሐይዋ ከጥላው ጠርዝ ላይ ቆማለች። ዘጠኝ። አሥር። ሊመጣ ያለውን አውቄያለሁ፤ ተው ልለው ፈለግኩ። አሥራ አንድ አለ።

ትንፋሼ ቆመ። ይዤው አይደለም፤ ራሱ ቆመ። እሱም ቆመ፤ ዓይኑን ከትከሻዬ ሳያነሳ፣ አይዞሽ ሳይል፣ ሳይቸኩል ይጠብቀኝ ነበር። እኔ እሷን እንደዚያ ነበር የጠበቅኳት። የሰዓቱ ቆጣሪ ሲሄድ ይሰማኛል። ልጅቷ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከሁለታችን ጋር እንደነበረች ዛሬም አልጠራጠርም። ከዚያ ደረቴ፣ ማንም ሳያዘው፣ ተከፈተና አየር ገባ።

"አሥራ ሁለት" አለ።

እያለቀስኩ ሳለሁ እንኳ አላቆመም፤ ደቂቃው እስኪሞላ ቆጠረኝ።